ማጠራቀሚያ ሲተልቅ ውኃው ይሻላልን?

የውኃ ማጠራቀሚያ ዕቅድ በተነሣ ቁጥር በእኛ በተማሪዎች መካከል የሚሰማው ክርክር ስለ መጠኑና ስለ ጥንካሬው ብቻ ነው። ስንት ሜትር ኩብ ይይዛል? ማማው ክብደቱን ይችላልን? ውኃው ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን አስተያየት ለመንቀፍ የተነሣነው ጉዳዩ የሰው ሕይወት ያለበት ስለ ሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ውስጥ ጊዲዮን በምትባል 1,100 ያህል ሕዝብ ባላት ከተማ የሳልሞኔላ በሽታ ገባ። ከ600 በላይ ሰዎች እንደ ታመሙ ተገመተ፤ 7 አረጋውያን ሞቱ። ውኃው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብ ሲሆን ክሎሪን አይጨመርበትም ነበር። መርማሪዎች አንዱን ማጠራቀሚያ ወፎች ሳይበክሉት እንዳልቀሩ ገመቱ። ብዙ ሰው ነገሩን በዚህ ይዘጋዋል። እኛ ግን ሌላውን ግማሽ እናስታውሳለን። ብርዱ በመጣ ጊዜ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ወደ ታች በመውረዱ፣ ተኝቶ የቆየው ውኃ ተገለበጠ፤ ስለ ጣዕሙና ስለ ሽታው አቤቱታ ሲበዛም ቧንቧዎቹ ታጠቡ። ብክለቱን ወደየቤቱ ያደረሰው ይኸው እጥበት እንደ ሆነ ይታመናል።

ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በ20 ዲግሪ 998.2 ኪሎ፣ በ25 ዲግሪ 997.0 ኪሎ ይመዝናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ የሚገባው ውኃ ኃይል ከሌለው ሙቁ በቀዝቃዛው ላይ ተንሳፎ ይቀራል። መግቢያውና መውጫው ከታች አንድ ቧንቧ ከሆነ፣ ዛሬ የገባው ዛሬ ይወጣል፤ የላይኛው ያረጃል፤ ክሎሪን ቢኖረውም እየጠፋ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የሚገባው ውኃ መጠን ሳይለወጥ የመግቢያው አፍ ስፋት ዳር እስከ ዳር በግማሽ ቢጠብ፣ ፍጥነቱ 4 እጥፍ ይሆናል፤ ለመቀላቀል የሚፈጀውም ጊዜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ0.5 ወደ 2 ሜትር ቢያድግ፣ ለዚሁ ፍጥነት የሚያስፈልገው ከፍታ ከ1.3 ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይደርሳል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ግን በውስጡ የግድግዳ መከለያ እንዲሠራ ይመክራሉ። ይህ ክሎሪን ከውኃው ጋር በቂ ጊዜ እንዲቆይ ለተሠራ ገንዳ ይጠቅማል፤ ለማጠራቀሚያ ግን የውኃውን ጉልበት ይሰብረዋል።

ይሁን እንጂ ማቀላቀልን ከመጠን በላይ ልናወድሰው አይገባም። 300 ሜትር ኩብ ይዞ በቀን 100 ብቻ የሚለዋወጥ ማጠራቀሚያ፣ ምንም ያህል ቢቀላቀል፣ የውኃው አማካይ ዕድሜ 3 ቀን ነው። ክዳኑ ክፍት ከሆነም መቀላቀሉ ብክለቱን ለሁሉ ያካፍላል። እንግዲህ መክደን፣ መለዋወጥና ማቀላቀል አብረው ይታሰቡ እንላለን። መምህራኖቻችንም በዕቅድ መልመጃ ላይ «ስንት ይይዛል?» ከሚለው ቀጥለው «ውኃው ስንት ቀን ይቆያል?» ብለው እንዲጠይቁን እንለምናለን።