ፍቅር ከመቃብር ወዲያ

ሞተው እንደ ገና የተወለዱ አፍቃሪዎች በሌላ ዘመን ሲገናኙ የሚያሳይ ታሪክ በሕንድ አገር የተለመደ ነው። ቢማል ሮይ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው «ማዱማቲ» የተባለው ፊልም የሚፈጸመው በዚሁ ዐይነት ነው፤ ሞት የለያያቸውን ዳግም ልደት ያገናኛቸዋል። የአገራችን እምነት ግን ለሰው በዚህ ዓለም አንድ ሕይወትና አንድ ሞት ብቻ ይሰጠዋል። ስለዚህ የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብለው ሰየሙት።

«እስከ» በምትለው በዚህች ቃል ውስጥ የመጽሐፉ ኀይል ሁሉ እንዳለ እናምናለን። የማንኩሳው በዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ሌላ ዘመን አይጠብቃቸውም፤ ስለዚህ በዲማ በዝምታ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን የማይመለስ ሆኖ አንባቢውን ያስጨንቀዋል። ደራሲው ዳግም ልደትን ቢፈቅዱላቸው ኖሮ፣ የፊታውራሪው ትዕቢት በደል መሆኑ ቀርቶ ጥቂት ጊዜ የሚቆይ መሰናክል ብቻ በሆነ ነበር።

የጉዱ ካሣ ንግግር አልፎ አልፎ እየረዘመ ታሪኩን ያዘገየዋል። ቢሆንም ሁለቱን አስቀድሞ የለያቸው ሞት ሳይሆን የዘር ቈጠራ መሆኑን የሚያስረዳን እርሱ ነውና ርዝመቱን ይቅር እንለዋለን።

የሆነ ሆኖ፣ እነዚህ አፍቃሪዎች ዛሬ በደብረ ማርቆስ ቢወለዱስ? የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ የባለመሬቱን ጌትነት ሽሮአል፤ ነገር ግን ጋብቻ በታሰበ ጊዜ «የማን ዘር ነው?» የሚለው ጥያቄ ከየቤታችን ፈጽሞ አልወጣም። እንግዲህ መምህራን መጽሐፉን ሲያስተምሩ፣ ተማሪው ለሰብለ ከማልቀሱ አስቀድሞ በገዛ ቤቱ የተቀመጠውን ፊታውራሪ እንዲመረምር ያደርጉት ዘንድ እናሳስባለን።