ፊደል አራሚውና እንግዳው አጻጻፍ

የአማርኛ ማረሚያ የተጫነለት የጽሕፈት ፕሮግራም፥ ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ዎርድ፥ የማያውቀውን ቃል በቀይ ያሰምርበታል። ጸሓፊውም መስመሩ ሲሰለቸው ቃሉን በግል መዝገበ ቃላቱ ያስመዘግባል። ይህን ልማድ አንደግፈውም። ከኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) የሚጠቅስ ተርጓሚ «ሠረቀ»ን፥ ማለት «ፀሓይ ወጣ» የሚባልበትን ግስ፥ አንድ ጊዜ ካስመዘገበ፥ ወደ ፊት «ሌባ ሠረቀ» ብሎ ቢጽፍም ማረሚያው ዝም ይለዋል። (ሞክሼ ፊደላትን መለየት አያስፈልግም የሚሉ ወገኖች በዚህ አይደነግጡ ይሆናል።) «ሁሉንም እለፍ» የሚለው ትእዛዝም ጉዳቱን በአንድ ሰነድ ይወስነዋል እንጂ አያስቀረውም። የሚሻለው ለጥቅሶች የተለየ ስታይል አበጅቶ በዚያ ስታይል የተጻፈው ሁሉ እንዳይታረም ማዘዝ ነው። ያን ጊዜ ከእርማት ነጻ የሚሆነው ጥቅሱ ያረፈበት ስፍራ ብቻ ነው፤ በራሳችን ዐረፍተ ነገር የገባው «ሠረቀ» እንደ ወትሮው ይሰመርበታል።