ትሕትና እና ውዳሴ ከንቱ በናርጋ ሥላሴ

በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የሚገኘውን የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ መሆናቸው ይታወቃል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከተሣሉት ሥዕሎች አንዱ ራሳቸውን እቴጌይቱን ያሳያል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ከሥዕሉ ግርጌ፣ ከእግሯ ሥር፣ ምንትዋብ በምድር ላይ ተዘርግተው ይማጸናሉ።

እንዲህ ያለው ሥዕል በተለምዶ የትሕትና መግለጫ ተደርጎ ይወሰዳል። ነገሩ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ምጽዋቱን በመለከት የሚያስነግር ሰው ዋጋውን አስቀድሞ እንደ ተቀበለ ወንጌል ያስተምራል። መለከት አንዴ ተነፍቶ ያበቃል፤ የግድግዳ ሥዕል ግን ይኸው ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲናገር ኖሯል። ደግሞም እቴጌይቱ የወደቁት ማቅ ለብሰው ሳይሆን በክብር ልብሳቸው እንዳጌጡ ነው።

ሌላም አለ። አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ብላቴና ስለ ነበሩ መንግሥቱን የያዙት እናታቸው ምንትዋብ ናቸው። በሕፃን ንጉሥ ስም የምትገዛ እናት ሕፃን ከታቀፈችው እናት ሥር መሣሏ እንዲያው በአጋጣሚ ነው ለማለት ይቸግራል። ለእመቤታችን ሊሰግድ የመጣ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የቤተ መንግሥቱን ሥልጣን አብሮ ይመለከታል።

ታዲያ ሥዕሉ ውዳሴ ከንቱ ነውን? በዚህ ጸሐፊ እምነት አይደለም፤ ቢያንስ ሁለንተናው አይደለም። በዚህ ዓይነት ሥዕሎች ላይ በግእዝ መጻፍ የተለመደው ባለ ሥዕሉ እንዴት እንደ ተማኅፀነ እንጂ ምን ያህል እንዳወጣ አይደለም። ስሙ የሚጠራው እንዲጸለይለት ነው። ተመልካቹ የሚጠየቀው ምስጋና ሳይሆን ምልጃ በመሆኑ ንግሥቲቱ ከድሃው ዘንድ ለማኝ ሆነው ይቀርባሉ። ስግደቱን ለመስገድ የሚደፋ ገበሬም በዚያች ቅጽበት ከእርሳቸው ጋር አንድ ዓይነት አኳኋን ይዟል።

ስምን መሰወር ብቻውንም ትሕትና አይሆንም። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ስማቸውን አልተዉልንም፤ ምናልባት ማንም ስላልጠየቃቸው ይሆናል። በአንጻሩ ከደቅ አጠገብ በምትገኘው በዳጋ እስጢፋኖስ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ በሥዕሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስለ ጻፈ ብቻ ትዕቢተኛ ነበር የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዛሬ በአገር ቤትም ሆነ በስደት በሚታነጹ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በር ላይ የለጋሾች ስም ከነገንዘቡ መጠን በእብነ በረድ ተቀርጾ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ላይ የተማኅፅኖ ቃል ፈልጎ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ሰሌዳውም የሚሰቀለው ለማንበብ ቀና ማለት በሚያስፈልግበት ከፍታ ነው።