ስለ «ማሰባሰብ» እና «ማመቻቸት» የቀረበ የስያሜ ትችት

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ የኮምፒዩተር ጥገና ቤቶች ሃርድ ዲስክም ኤስኤስዲም «ዲስክ» ሲባሉ ይሰማል። በኤስኤስዲ ውስጥ ግን የሚሽከረከር ሳሕን የለም። ይህ የስም ስሕተት ቢታለፍ እንኳ የግሱ ስሕተት ጉዳት አለው። ዊንዶውስ 8 በ2012 እ.ኤ.አ. «ዲፍራግመንት» ይባል የነበረውን መሣሪያ «ኦፕቲማይዝ» ብሎታል፤ ሁለቱንም «ማደራጀት» ብሎ መተርጎም ልዩነቱን ይሸፍናል። በሃርድ ዲስክ የተበታተነውን ፋይል ማሰባሰብ የአንባቢውን ክንድ ምልልስ ይቀንሳል። በኤስኤስዲ ግን ጥቅሙ ኢምንት ሲሆን፣ ተደጋጋሚው ጽሕፈት የሕዋሶቹን ዕድሜ ያሳጥራል። ለኤስኤስዲ የሚያሻው የተሰረዘውን ቦታ ለመሣሪያው መንገር፣ ማለትም «ትሪም» ነው። ስለዚህ ለፊተኛው «ማሰባሰብ»፣ ለኋለኛው «ክፍት ቦታ ማሳወቅ»፣ ሁለቱን ለሚያቅፈው «ማመቻቸት» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ተጠቃሚው የሚያዝዘው በቃሉ ነውና፣ ቃሉ ሲደበላለቅ ዕቃው ይጎዳል።