ከቢቸና በታች ያለው ባሕር፦ የሻርክ ጥርስ ስም የሚያገኝበት መንገድ

ከቢቸና ወደ አባይ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው ጤፍ የሚበቅልበትን ዋልካ ነው። ከዋልካው ሥር ጥቁር ድንጋይ ይመጣል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ቁልቁለቱ እየጠና ሲሄድ ገደሉ መልኩን ይለውጣል፤ አሸዋ ድንጋይ፣ ኖራ ድንጋይ፣ ጀሶ፣ እንደገና ኖራ ድንጋይ። እነ ጋኒ በ2009 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት ጥናት በአባይ ተፋሰስ ያለው የሜሶዞይክ ደለል 1400 ሜትር ያህል እንደሚወፍር፣ ከዚህም ውስጥ የላይኛው ኖራ ድንጋይ 400፣ የታችኛው ደግሞ 450 ሜትር ገደማ እንደሚሆን አስፍረዋል። ጀሶ የሚበዛበትን ክፍል ጌታነህ አሰፋ በ1981 ከደጀን ማዶ ባለችው ከተማ ስም ጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን ብለውታል።

ኖራው የባሕር ወለል ነበር። ባሕሩ በጁራሲክ ዘመን ከደቡብ ምሥራቅ ገባ፣ ደረቀ፣ ተመልሶ ገባ፣ በመጨረሻም ሸሸ። በዚያ ዘመን ባሕርና በባሕሩ ዳር በነበሩ ወንዞች ውስጥ ምን ዓይነት ሻርክ ይዋኝ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከሞላ ጎደል ከጥርስ ነው። የሻርክ አጽም ልምአጥንት ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ጥርሱ ግን ጠንካራ ነው፣ ብዛቱም ለጉድ ነው። አንድ ሻርክ በዕድሜው በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ያረግፋል። አማርኛችን ለእንስሳው የራሱ ስም እንኳ የለውም፤ አንበሪ የምንለው ዮናስን የዋጠውን ነው። በዚህ ጽሑፍ ሻርክ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ድንጋይ የሆነው ጥርስ የሻርክ መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ የድንጋይ ምላስ ይባል ነበር። በ1666 ሊቮርኖ አጠገብ የተያዘ የአንድ ትልቅ ሻርክ ራስ ፍሎረንስ ለነበረው ለኒኮላስ ስቴኖ ተላከለት፤ እርሱም አፉን መርምሮ፣ ምላስ የተባሉት ድንጋዮች የሻርክ ጥርስ እንደሆኑ በ1667 ጻፈ። «የምን እንስሳ ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አበቃ። «የየትኛው ሻርክ ነው?» የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል፤ እኔም የማተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

ጥርሱን በእጅ መነጽር እንየው። ሁለት ክፍል አለው፤ የሚያብለጨልጨው አክሊልና ሸካራው ሥር። በአክሊሉ ላይ መካከለኛው ጫፍ ስንት እጥፍ እንደሚረዝም፣ በግራና በቀኙ ትንንሽ ጫፎች እንዳሉ፣ ቁመቱን ተከትለው የሚወርዱ ሸንተረሮች እስከ የት እንደሚደርሱ ይቆጠራል። ሥሩ ላይ የደም ሥር ያልፍባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ቀዳዳዎቹ ብዙ፣ ትንንሽና ያለ ሥርዓት የተበተኑ ከሆኑ፣ ከዳይኖሰር ዘመን ጋር አብሮ ያለፈውን የሃይቦዶንት ወገን ያስጠረጥራሉ። የማያዳግም ማስረጃ ሲፈለግ ጥርሱ በቀጭን አሲድ ይነካና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ዛሬ ያሉት ሻርኮች ወገን የጥርሱ ሽፋን ሦስት ድርብ ሲሆን፣ የሃይቦዶንቶቹ እንዲህ አልተደራረበም።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ቀና ነው። ችግሩ የሚመጣው ቅርጽን ዘመድ አድርገን ስንቆጥር ነው። የሻርክ ጥርስ የቤት ዕቃ ይመስላል፤ አንዱ ወስፌ ነው፣ የሚያንሸራትት ዓሣ ወግቶ ይይዛል፤ አንዱ ቢላዋ ነው፣ ይቆርጣል፤ አንዱ መጅ ነው፣ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ይፈጫል። ሁለት ቤት ውስጥ መጅ መገኘቱ ግን ሁለቱን ቤተ ዘመድ አያደርጋቸውም።

ለዚህ የአፍሪካ ቀንድ ራሱ ጥሩ ምስክር አለው። ጣሊያናዊው ዴራስሞ በ1960 በሶማሊያ ከሉግ ድንጋዮች የተገኙና ፍሎረንስ ሙዚየም የተቀመጡ የዓሣ ቅሪቶችን ሲመረምር፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ የሃይቦዶንት ጥርስ አገኘ። ስሙን ፕራዮሃይቦዱስ አራምቡርጊ አለው፤ በ1930ዎቹ በኦሞ ሸለቆ ቅሪተ አካል ላጠናው ለካሚል አራምቡርግ መታሰቢያ። የመጋዝ ጠርዝ ዛሬ የምናውቀው ከትልቁ ነጭ ሻርክ ነው፤ ሁለቱ ግን በዚህ ጠርዝ አይዛመዱም። መጋዙ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ወገን፣ ለአንድ ሥራ ሲባል ለየብቻ የመጣ ነው። ጥርሱ የነገረን እንስሳው እንዴት ይበላ እንደነበር ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ የተናገሩት ሥሩና ሽፋኑ ናቸው። ይኸው ወገን በኋላ በኡራጓይም ተገኝቷል፤ በጁራሲክ ማብቂያ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ገና አንድ ምድር ነበሩና።

ሁለተኛው ወጥመድ አፉ ራሱ ነው። በአንድ ሻርክ አፍ የፊት ጥርስ ቀጥ ይላል፣ የጎኑ ያዘነብላል፣ የጥጉ አጭርና ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ላይኛውና ታችኛው መንጋጋ ይለያያሉ፤ የግልገሉ ከአዋቂው ጋር አይመሳሰልም። ዲማ ጊዮርጊስን ወይም ደብረ ወርቅን በመሰለ ገዳም ዕቃ ቤት ከጥራዙ የወጣ አንድ የብራና ቅጠል ያገኘ ሰው፣ ርእሱ በቀይ፣ ሐተታው በጥቁር፣ የኅዳጉ ማስታወሻ በደቃቅ ፊደል መጻፉን አይቶ ሦስት ጸሐፊ ነበረ አይልም። የጥርስ ሊቃውንት ግን እንዲህ ያሉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከአንድ አፍ ሦስት ዝርያ አውጥተዋል።

ከሁሉ የሚያስተምረው የአስቴራካንቱስ ጉዳይ ነው። ሉዊ አጋሲ በ1830ዎቹ አስቴራካንቱስ የሚለውን ስም ለክንፍ እሾህ፣ ስትሮፎዱስ የሚለውን ደግሞ መጅ ለሚመስሉ ጥርሶች ሰጠ። ኋላ የመጡት ሁለቱን የአንድ እንስሳ አካል አድርገው አዋሐዷቸው፤ ውሕደቱም ከመቶ ዓመት በላይ በየመጽሐፉ ጸና። በ2021 እነ ሽቱምፍ በጀርመን ሶልንሆፈን የተገኘ 2.5 ሜትር የሚረዝም የአስቴራካንቱስ አጽም ይፋ አደረጉ። አጽሙ ላይ እሾሁም ከ150 የሚበልጡ ጥርሶችም አብረው ነበሩ፤ ጥርሶቹ ግን መጅ አልነበሩም፤ መካከለኛው ጫፍ የረዘመ፣ በጎኑ ትንንሽ ጫፎች ያሉት፣ የሚሮጥ አደን የሚይዝ ጥርስ ነው። ሁለቱ ስሞች እንደገና ተለያዩ። እዚህ ላይ አጋሲን ወይም ተከታዮቹን መውቀስ አይገባም። መወቀስ ያለበት፣ ግምት ሆኖ የገባውን ስም በተደጋገመ ቁጥር እንደ እውነት የመቁጠር ልማድ ነው።

ከዚህ ልማድ የሚያድነውን ጥንቃቄ ከአባይ ገባሮች በተገኘ ሥራ ላይ አይቻለሁ። ሙገር የሚለውን ስም አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው ከሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ ሥነ ምድር ግን ከላይኛው ኖራ ድንጋይ በላይ ላለው የጭቃ ድንጋይ ሰጥቶታል። እነ ጉድዊን በ1999 ከዚህ ድንጋይ የዳይኖሰርና ሌሎች አከርካሪ እንስሳት ቅሪቶችን ገለጹ። በ2007 ደግሞ እነ ክሌመንስ ከዚያው የአንድ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ሲያቀርቡ፣ የወገኑን ስም በጥናቱ ርእስ ላይ ከነጥያቄ ምልክቱ አተሙት። በጁራሲክ ኢትዮጵያ አጥቢ እንስሳ መገኘቱን ለዓለም እያበሰሩ፣ ስሙ ላይ እርግጠኛ አለመሆናቸውን በርእሱ ላይ መግለጽ ትልቅ የሙያ ታማኝነት ነው።

ይህ ምልክት በአማርኛ ስንጽፍ ይጠፋብናል። ላቲኑ «መሰል»፣ «ቅርብ»፣ «ዝርያው ያልተለየ» የሚሉ አጫጭር ምልክቶች አሉት፤ እኛ ወደ ጋዜጣና ወደ መማሪያ መጽሐፍ ስናመጣው «የእገሌ ሻርክ ጥርስ ተገኘ» እንላለን። የቋንቋ ድህነት ነው እንዳንል «ይመስላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ከእገሌ ወገን ቢሆን ነው» የሚሉት በየዕለቱ አፋችን ላይ ናቸው። የጥርጣሬን ደረጃ ለይቶ ለመናገር አማርኛ የተመቸ ቋንቋ ነው፤ በሳይንስ ጽሑፍ የማንጠቀምበት ምክንያት አይታየኝም።

ከስሙ የሚቀድም ሌላ ነገርም አለ፤ ጥርሱ የወጣበት ድንጋይ። ከኖራ ድንጋይ ጥርስ የሚወጣው ድንጋዩን ኮምጣጤን በመሰለ ቀጭን አሲድ ለሳምንታት በማሟሟትና ዝቃጩን በወንፊት በማጣራት ነው፤ የጭቃ ድንጋዩ ግን በውኃ ይታጠባል። ከቁልቁለቱ ተንከባሎ መንገድ ዳር የተገኘ ጥርስ ከየትኛው ኖራ እንደመጣ ካልታወቀ፣ ከጀሶው በፊት ይሁን በኋላ የኖረ ሻርክ እንደሆነ መናገር አይቻልም፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሚሊዮን ዓመታት አሉ። ስለዚህ በቢቸናም ሆነ በሞጣ በኩል በገደሉ ላይ ለሚሠራ ተማሪ የምመክረው፣ ዝርያውን ከመጠየቁ በፊት ጥርሱን በትንሽ ሣጥን አድርጎ ከሥሩ ወረቀት እንዲያኖር ነው። ቀበሌው፣ ቁልቁለቱ በአገሬው አጠራር፣ የድንጋዩ ዓይነት፣ ከጀሶው በላይ ወይም በታች ስንት ሜትር፣ የተገኘበት ቀን፤ ይህ ሁሉ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። የዝርያው ስም በእርሳስ።