ባትሪ የማያልቅበት ውድድር

ፑር ኢቲሲአር የሚባል የመኪና ውድድር ነበር። "ነበር" ያልኩት ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ ቆይቶ ስለቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ከሮም ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው የቫሌሉንጋ ትራክ ጀመረ። በ2022 የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ የፊያ፣ የዓለም ዋንጫ የሚል ማዕረግ ተጨመረለት። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ቱሪንግ ካር በሚባለው ስፖርት የሚወዳደሩት መኪኖች ሰው ገዝቶ የሚነዳቸውን የቤት መኪኖች የሚመስሉ ናቸው። ፑር ኢቲሲአር ይህን ስፖርት ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ አደረገው።

ታዲያ ሞቶ የተቀበረ የአውሮፓ ውድድር ለወልቂጤና ለቡታጅራ ልጅ ምኑ ነው? እንደኔ ብዙ ነገሩ ነው። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ ስታደርግ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ "ስንት ይሄዳል?" የሚለው ጥያቄ "ስንት ይበላል?" የሚለውን ተክቷል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ የቤት መኪና ውድድር አለ ሲባል፣ ከፊንፊኔም ከፓሪስም ይልቅ ጆሮ ሰጥቶ ማየት ያለበት የኛ አገር ተመልካች ይመስለኛል። እኔም የቫሌሉንጋውን መክፈቻ የተመለከትኩት በዚህ ዓይን ነው። የምለውን ከመጀመሪያው ልበለው፦ ውድድሩ ያምራል፤ ግን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሊነገር የሚገባውን ዋናውን ታሪክ ሸሽቶታል።

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። አሽከርካሪዎቹ በዕጣ ምድብ ይመደባሉ። ከዚያ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይጋጠማሉ፤ ግጥሚያው አጭር ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ሌሎች ይገባሉ። መነሻው ላይ የፈረስ እሽቅድምድም ላይ እንደምናየው ያለ ትልቅ በር አለ። መኪኖቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በሩ ሲከፈት ይወረወራሉ። መደበኛ ጉልበታቸው 300 ኪሎዋት ሲሆን፣ አሽከርካሪው ለአጭር ጊዜ ጨምሮ እስከ 500 ኪሎዋት ሊያደርሰው ይችላል። ይህ በፈረስ ጉልበት ሲታሰብ ከ650 በላይ ነው። መኪናው ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፣ የሚገፋው የኋላ ጎማው ነው፤ ስለዚህ ኩርባ ላይ ጅራቱን እየጣለ ነው የሚያልፈው። ቀልብ ይስባል።

ሌላም ጥሩ ነገር አለው። ኩፕራ፣ ሀዩንዳይ እና አልፋ ሮሜዮ ጁሊያን ይዞ የቀረበው ሮሜዮ ፌራሪስ የተጠቀሙት አንድ ዓይነት ባትሪና አንድ ዓይነት ሞተር ነው። ሀብታሙ ቡድን የተሻለ ባትሪ ገዝቶ አያሸንፍም፤ ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከመሪው ጀርባ ካለው ሰው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ስዊድናዊው ማቲያስ ኤክስትሮም መሆኑም አይገርምም። ሰውየው ቀደም ሲል በ2016 የራሊክሮስ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ነው፤ አፈር ላይ የሚንሸራተት መኪና መያዝ ለሱ የዕለት እንጀራው ነው።

እሺ፣ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ቫሌሉንጋ አንዱ ዙር 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምስት ዙር ቢሮጡ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ መሀል ተነስቶ ሰበታ እንኳ አያደርስም! በዚህ ርቀት የመኪናው ባትሪ ሊያልቅ አይችልም፤ ሊያልቅ የማይችል ነገር ደግሞ አያስጨንቅም። ግጥሚያው ሲያበቃ መኪናው ወደ ግቢው ይመለሳል፤ እዚያ በሃይድሮጅን ከሚሠራ ጄኔሬተር ይሞላል፤ ሞልቶ ይወጣል። እኛ ተመልካቾቹ የምናየው ሲሮጥ ብቻ ነው። ቻርጅ ማድረጉ፣ መጠበቁ፣ "ይበቃኛል ወይስ አይበቃኝም" የሚለው ስሌት በሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ነው።

አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት ሳያውቁ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ስሙ የጠፋው በሁለት ነገር ነው፦ "ቀርፋፋ ነው" እና "መንገድ ላይ ያስቀራል" በሚሉት። ውድድሩ የመጀመሪያውን ሐሜት አጥፍቶ ሁለተኛውን እንዳልሰማ አለፈው። እንደ ማስታወቂያ ካየነው ብልጠት ነው። እንደ ስፖርት ካየነው ግን ታሪክ ተነግሮ ዋናው ገጸ ባሕርይ መድረክ ላይ ሳይወጣ እንደቀረ ነው።

"አጭር ሩጫም እኮ ሩጫ ነው፤ መቶ ሜትርን ማን ይንቃል?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ግን እኛ በአሥር ሺህ ሜትር ያደግን ሕዝብ ነን፤ ጉልበት መቆጠብ ራሱ ትያትር መሆኑን ማንም ሊያስተምረን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመው 24 ዙር ጉልበቱን አስልቶ ስለተጠቀመ ነው። የመጨረሻዋ መቶ ሜትር እስከ ዛሬ ልባችንን የምትመታው ከሷ በፊት የነበረውን 9,900 ሜትር ስለምናውቅ ነው። ያንን ቆርጠህ መጨረሻዋን ብቻ ብታሳየኝ ሁለት ሰዎች ሲሮጡ አያለሁ፤ ሌላ ምንም አላይም። የኢቲሲአር ግጥሚያ እንደዚያ ነው የሆነብኝ።

መቼም አጋጣሚ ነው፤ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተገጣጠመውን የኤሌክትሪክ ሀዩንዳይ አዮኒክ ይዞ የቀረበው የኃይሌ ማራቶን ሞተር ነበር። የድርጅቱ ስም "ማራቶን" ነው። ያው ሀዩንዳይ በዓመቱ ቬሎስተሩን አምጥቶ ቫሌሉንጋ ላይ ጥቂት ዙር አስሮጠው። የቱ ስም ለኤሌክትሪክ መኪና እንደሚስማማ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የባትሪን ነገር ያልሸሸ ውድድርም አለ። ፎርሙላ ኢ በ2014 ሲጀምር ባትሪው እስከ መጨረሻ ስለማያደርስ አሽከርካሪው ውድድሩ መሀል ላይ ከመኪናው ወርዶ ሌላ መኪና ውስጥ ይገባ ነበር። ሰው ሳቀበት። ግን ድክመቱን አደባባይ ላይ አወጣው፤ በአምስተኛው የውድድር ዘመን ባትሪው አድጎ አንድ መኪና ሲበቃ ሁሉም ሰው ለውጡን በዓይኑ አየ። ከዚያ ደግሞ የኤፕሪል 2021 የቫሌንሲያው ውድድር አለ። በዝናቡና በተደጋጋሚ ግጭት የደህንነት መኪና በወጣ ቁጥር፣ በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ መኪና የሚፈቀድለት ኃይል ይቀነስ ነበር። መሪው አንቶኒዮ ፌሊክስ ዳ ኮስታ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት መስመሩን በማለፉ አንድ ተጨማሪ ዙር መሮጥ ግድ ሆነ። ይህን ዙር ብዙዎቹ አላሰሉትም ነበር። መኪኖቹ አንድ በአንድ እየተንቀራፈፉ ቀሩ፤ ኒክ ደ ቭሪስ አሸነፈ። በማግስቱ ዓለም ተሳለቀበት። እኔ ግን ከኤሌክትሪክ ውድድሮች ሁሉ ሐቀኛው እሱ ነው እላለሁ፤ የኛን መንገድ የሚመስለው እሱ ነውና።

የኛ መንገድ የቱ ነው? ከአዲስ አበባ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡታጅራ በዓለም ገና፣ በጢያና በቡኢ በኩል 130 ገደማ። ለመስቀል ጉራጌ አገሩ ሲገባ፣ ለአረፋም እንዲሁ፣ እነዚህ ሁለት መንገዶች በመኪና ይሞላሉ። ስሙን ማንም ባይሰጠውም የአገራችን ትልቁ የቱሪንግ ካር ውድድር ይህ ነው፦ የቤት መኪና፣ ሙሉ ተሳፋሪ፣ ኮፈኑ እስኪጨናነቅ ዕቃ፣ የሚጠብቅ ቤተሰብ።

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ከአክስቴና ከልጇ ጋር ባትሪው አነስ ባለ የኤሌክትሪክ መኪና ሄድን። ሲነሳ መቶ ፐርሰንት ነበር። ቱሉ ቦሎ ላይ 66 ሆነ። የአክስቴ ልጅ ኤሲውን አጠፋ። ወሊሶ ላይ ሙዚቃውንም ሊያጠፋው ሲል አክስቴ ከኋላ፦

"እንዴ! ነዳጅ የማይበላ መኪና ነው ብለህ አይደል የገዛኸው? አሁን ምን ያስጨንቅሃል?"

"እማዬ፣ ይሄም ይበላል እኮ። አበላሉ ነው የተለየው።"

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ቁልቁለቱ ትንሽ መለሰልን፤ 35 ላይ ደረስን። ግን መድረሻችን እምድብር ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል፣ እሱም ዳገት ነው። ማታ አያቴ ግቢ ስንገባ 19 ይላል። ኤክስቴንሽን ተዘርግቶ በመስኮት ገባ። ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት መኪናው 44 ላይ ነበር፤ በዚህ ዳገቱን ወጥቶ አዲስ አበባ መመለስ አይታሰብም። የአክስቴ ልጅ ሥራ አለኝ ብሎ ሲንቆራጠጥ አያቴ ቡናዋን እየቀዳች "ተውት፣ ነገም አይምጣ" አለች። ከምሯ ነው። አንድ ቀን ተጨማሪ ቆየንላት።

ይህን የተረክሁት ለማሳቅ አይደለም። ፍርሃት አለ፣ ስሌት አለ፣ ዳገትና ቁልቁለት ውጤቱን ይለውጣሉ፣ ማን እንደሚደርስ አስቀድሞ አይታወቅም። ድራማ ማለት ይኸው ነው። ከ500 ኪሎዋቱ ቬሎስተር ይልቅ በዚያች ትንሽ መኪና ልቤ የመታው ለዚህ ነው። "ቱሪንግ" የሚለው ቃል ራሱ ጉዞ ማለት ነው፤ ኢቲሲአር መኪናውን ወስዶ ጉዞውን ተወው።

ወደ ጎረቤት ብንሄድ፣ የሳፋሪ ራሊ በ1953 ሲጀመር በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ እውነተኛ መንገዶች ላይ ነበር የተሮጠው። አቧራና ጭቃ የውድድሩ አካል ነበሩ። ሰዉም ያንን ያለፈ መኪና "ለኛ ይሆናል" ብሎ ገዛ። ቫሌሉንጋን ያሸነፈ መኪና ለእምድብር ይሆን እንደሆነ ግን ከውድድሩ ማወቅ አይቻልም።

ነገሩ ከመዝናኛ አልፎ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ምስል ጥያቄን ይወልዳል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምናየው ሁሉ ፍጥነትና አዲስ ቀለም ብቻ ከሆነ፣ የምንጠይቀውም ስለ ፍጥነትና ስለ ቀለም ብቻ ይሆናል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው የሚመነጨው። የግቤን ወንዝ ለመሻገር ከወልቂጤ ወደ ጅማ ትንሽ መንዳት ይበቃል። ኃይሉ ከጎናችን ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮምን የመሰሉ ድርጅቶች ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍተዋል። ወሊሶ፣ ቡኢ፣ ወልቂጤስ? ውድድሩ ያላነሳው ጥያቄ ይህ ነው፤ እኛ ማንሳት አለብን።

መንገዱን ራሱ ማን እንደሠራው ደግሞ እናስታውስ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሠርተው የሚያድሩ ጉራጌዎች የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበርን አቋቁመው ከኪሳቸው አዋጡ። በቡታጅራ የሚያልፈው መንገድ ታሪኩ ከዚያ መዋጮ ጋር የተያያዘ ነው። በሌላው በኩልም የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ነበር። ሰዎቹ ለመስቀል አገራቸው መግባት ፈለጉ፤ መንገድ አልነበረም፤ መንገድ ሠሩ። የኛ ትውልድ መንገዱ አለው፣ የጎደለው ቻርጀሩ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ቱሪንግ ካር ውድድር እንደገና ይጀመር ቢባል ደንቡን ላዋጣ። መነሻው ሰባተኛ፣ ሌሊት 11 ሰዓት። አራት ሰው መጫን ግዴታ ነው፣ አንዷ አክስት ትሁን። በወሊሶ ወልቂጤ፣ ከዚያ ወደ እምድብር ዳገቱን፤ አድሮ መመለስ። ኤሲ መዝጋት ይፈቀዳል። አሸናፊው ቀድሞ የገባው ሳይሆን ሰባተኛ ሲመለስ ፐርሰንቱ ከፍ ያለው ነው። ቀጥታ ሥርጭት ካለው አምስቱንም ሰዓት ቁጭ ብዬ አያለሁ።