ለሕፃናት የምናስተምረው ጤና፣ ከሕፃናት የምንሰውረው ሕመም
(በሕፃናትና በወጣቶች የጤና ትምህርታችን ላይ የቀረበ ሂስ)

በአገራችን አንድ ሕፃን ስለ ሕክምና የሚያገኘው የመጀመሪያው ትምህርት በአብዛኛው ማስፈራሪያ ነው። «ዝም ካላልክ ሐኪሙ ይወጋሃል!» የሚለው አነጋገር በከተማም በገጠርም የታወቀ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ሁለተኛውን ትምህርት ያገኛል፤ ይህም ትእዛዝ ነው። «ፊትህን ታጠብ፣ እጅህን ታጠብ፣ ጥፍርህን ቁረጥ» ይባላል። ትእዛዙ ትክክል መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ «ሕመም ምንድን ነው? በሰውነቴ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እኔስ ምን ማድረግ እችላለሁ?» ለሚሉት የልጅ ጥያቄዎች በልጅ አእምሮ ልክ የተዘጋጀ መልስ በጤና ትምህርታችን ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ ጉድለቱን የሚመለከተው ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ቀየትን ከመሰሉ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አካባቢዎች አንጻር ነው። ስፍራው የተመረጠው ከሌላው የባሰ ነው ተብሎ አይደለም። ቁሩ የበረታበት፣ ገብስና በግ የኑሮ መሠረት የሆኑበት፣ ልጆች እረኝነትንና ትምህርትን አጣምረው የሚያድጉበት፣ ከጤና ኬላ ተነሥቶ ሆስፒታል ለመድረስ ዳገትና ቁልቁለት የሚታለፍበት አገር ነው። በከተማ የተዘጋጀ የጤና መልእክት እውነተኛ ፈተናውን የሚያገኘው እንዲህ ባለ ስፍራ ነው።

ስኬቱ ያመጣው ጥያቄ

እንደሚታወቀው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር 16 ፓኬጆችን ይዞ ተነሣ። ሞዴል ቤተሰብ ለመሆን የሚሠለጥኑ አባወራዎችና እማወራዎች የ96 ሰዓት ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ። መጸዳጃ ቤት ተቆፈረ፣ ክትባት በየቀበሌው ደረሰ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት መሠረት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1990 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ200 የሚበልጡት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2012 ይህ አኃዝ ወደ 68 ወረደ። ይህ ሊዘነጋ የማይገባው የጤና ባለሙያዎች ድካም ውጤት ነው።

ሆኖም ፓኬጆቹን ለሕፃናት ከሚሰጡት ስፍራ አንጻር ስንመረምራቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ልጅ በፓኬጆቹ ውስጥ የሚከተብ፣ የሚመዘን፣ የሚመገብ ሆኖ ይቀርባል፤ የሚጠይቅና የሚነገረው ሆኖ ግን አይታይም። ወጣቶችን በስም የሚጠራው ፓኬጅ የሥነ ተዋልዶ ጤና ብቻ ነበር። ከመከተብና ከሥነ ተዋልዶ መካከል ያለው ዕድሜ፣ ማለትም ከ6 እስከ 14 ዓመት ያለው፣ ያለ ተናጋሪ ቀረ። ቀድሞ በጨቅላነታቸው ይሞቱ የነበሩ ብዙ ልጆች ዛሬ በሕይወት አሉ። ከእነዚህም መካከል ለዓመታት አብሮ የሚኖር ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው አሉ። ከሞት ያተረፍነው ልጅ ስለ ራሱ ሰውነት የሚነገረው ነገር ከሌለ ሥራችንን በእኩሌታ ትተነዋል ማለት ነው።

የንጹሕ ፊት ትምህርት

በአማራ ክልል ለሕፃናት በስፋት የሚሰጠው የጤና ትምህርት የትራኮማ ትምህርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክልሉ በዓለም ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የመከላከያው ስልት አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የቆብ ቀዶ ሕክምና፣ አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ መሻሻል ናቸው። ከአራቱ ለልጁ በቀጥታ የምንሰጠው ሦስተኛውን ነው። በግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ሥዕልም የታወቀ ነው፤ በአንድ ወገን ንጹሕ ፊት ያለው ፈገግተኛ ልጅ፣ በሌላው ወገን ዝንብ የወረረው፣ ዓይኑ ያበጠ ልጅ ይታያል።

ሥዕሉ በውስጡ አንድ የተደበቀ ፍርድ አለው። ዓይኑ የታመመው ልጅ ቆሻሻ በመሆኑ የታመመ ነው ይላል። የክፍሉ ተማሪዎች ሥዕሉን ካዩ በኋላ ዞረው የሚመለከቱት ዓይኑ የቀላውን ጓደኛቸውን ነው። ይህ ልጅ ከትምህርቱ የሚወስደው እውቀት ሳይሆን እፍረት ነው። ያፈረ ልጅ ደግሞ ዓይኑን ለመርማሪ ከማሳየት ይልቅ መደበቅ ይቀናዋል።

ፍርዱ በሳይንስ በኩልም ቢሆን ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ነው። በዋግ ኽምራ ዞን በ40 ማኅበረሰቦች ላይ ለሦስት ዓመታት የተካሄደው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት የውኃ ነጥብ ግንባታን፣ የቤት ለቤት የንጽሕና ትምህርትንና የትምህርት ቤት ትምህርትን አጣምሮ ሞክሯል። በተሞከረባቸውና ባልተሞከረባቸው ማኅበረሰቦች መካከል በልጆች ዓይን ላይ በሚገኘው ክላሚዲያ ረገድ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ከዚህ መታጠብ አይጠቅምም ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ስሕተት ነው፤ ፊት መታጠብ ለብዙ ነገር ይበጃል። ጥናቱ የሚያስገነዝበን በሽታው ሥር በሰደደበት አካባቢ ሸክሙን ሁሉ በአንድ ልጅ መዳፍ ላይ መጫን እንደማይቻል ነው። በደጋው ቁር ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ እናቱ ወይም እኅቱ ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ ከተሸከመችው ውኃ ጥቂት ወስዶ እንዲታጠብ የሚጠየቅ ልጅ ቢያንስ እውነቱን ሊያውቅ ይገባዋል። «ይህ በሽታ ከዓይን ወደ ዓይን በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ የሚተላለፍ ተሕዋስ ያመጣው ነው። አንተ ጥፋተኛ አይደለህም። ፊትህን ታጠብ፤ መድኃኒቱ በዘመቻ ሲመጣ ደግሞ ቤተሰብህ ሁሉ እንዲወስድ ንገር» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጥሩ አርአያ፣ ያልተሸፈነ ዕድሜ

በአገራችን ለሕፃናት በልጅ ቋንቋ መናገር እንደሚቻል ያሳየ ሥራ የለም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2005 በመምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅት በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ ታርማለች፣ ትዘምራለች። ዝግጅቱ ንጽሕናንና በሽታን መከላከልን በታሪክ ውስጥ አስገብቶ አቅርቧል። አዘጋጇም እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚ ለመሆን በቅታለች። ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግነው ልጅን ጠያቂ አድርጎ መነሣቱ ነው። ከፖስተራችን የሚለየውም በዚህ ነው፤ ፖስተሩ ልጁን ያዘዋል፣ ፀሐይ ግን ከልጁ ጋር ትጠይቃለች።

ይሁን እንጂ ዝግጅቱ የታሰበው በዋናነት መደበኛ ትምህርት ላልጀመሩ ሕፃናት ነው፤ መድረሻውም ኤሌክትሪክና ቴሌቪዥን ይፈልጋል። ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት የሚኖረው፣ ዕድሜውም አሥር ዓመት ያለፈው የቀየት እረኛ በዚህ መንገድ አይገኝም። ይህንን ክፍተት መሙላት የዝግጅቱ አቅራቢዎች ዕዳ ሳይሆን የእኛ የጤና ባለሙያዎች ነው። ክፍተቱ ሕይወት እንደሚያስከፍል የሚከተሉት ሦስት ሕመሞች በቂ ማስረጃ ናቸው።

ማወቅ መድኃኒት የሚሆንባቸው ሦስት ሕመሞች

የመጀመሪያው ሪውማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚበረታው፣ በስትሬፕቶኮከስ የሚመጣው የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ሰው በጠባብ ቤት ተፋፍጎ በሚኖርበት ስፍራ በቀላሉ ይዛመታል። የሰውነት መከላከያ በተሕዋሱ ላይ ሲነሣ የገዛ ልቡን በሮች ይጎዳል። ሕመሙ እንዳይደጋገም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት፣ ቢያንስ እስከ ጉልምስና መዳረሻ፣ መወጋት ያስፈልጋል። እንግዲህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድን እናስብ። መገጣጠሚያዋ አያማትም፣ ትሮጣለች፣ ውኃ ትቀዳለች። በየወሩ ግን ረጅም መንገድ ተጉዛ የሚያም መርፌ ትወጋለች። ለአባቷ ነግረናል፣ ለእርሷ ግን አልነገርንም። ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ የቅጣት ስም ሆኖ ተነግሯታል። ሕመም የማይሰማት ልጅ ምክንያቱን ለማታውቀው ቅጣት እስከ መቼ ትሄዳለች? ያቋረጠችው መርፌ ዋጋው የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ከሚጠባበቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተርታ ስትሰለፍ ነው።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰዎች ውስጥ 5.2 የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ለሐዲሱ ትውልድ ስለዚህ ሕመም ማን ነገረው? አረፋው ይጋባል የሚለው እምነት ልጆች ጓደኛቸው ምድጃ ላይ ሲወድቅ ከእሳት እንዳያወጡት ያደርጋል። ከቃጠሎው ጠባሳ ጋር የሚመጡት ሕሙማን ለዚህ ምስክር ናቸው። በክብሪት ጭስ ማሽተት፣ በአፍ ውስጥ ብረት ወይም እንጨት ማስገባትም እንዲሁ ከአዋቂ ወደ ልጅ የተላለፈ ትምህርት ነው። አዋቂው ይህንን ማስተማር ከቻለ እኛም ሌላውን ማስተማር እንችላለን፤ ከእሳትና ከገደል አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ በአፉ ምንም አትክተቱ፣ እስኪነቃ አጠገቡ ቆዩ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ይህንን የአራተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይማረዋል።

ሦስተኛው ኤች አይ ቪ ነው። በአገራችን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያ ዘመን ሕፃናት ሳሉ ሕክምና የጀመሩት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ብዙዎቹ ያደጉት «የሳንባ መድኃኒት ነው»፣ «ቫይታሚን ነው» እየተባሉ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሰ ልጆች ስለ ራሳቸው ሁኔታ እንዲነገራቸው፣ ከዚያ በታች ያሉትም እንደ ዕድገታቸው ቀስ በቀስ እንዲዘጋጁ መክሯል። እውነቱን ከካርዱ ላይ አንብቦ ወይም ከጎረቤት ሰምቶ የሚደርስበት ወጣት መድኃኒቱን ብቻ አይጠላም፤ የደበቁትን ሁሉ ማመን ያቆማል።

የአካል ጉዳተኛው ልጅ በማስጠንቀቂያ ሥዕል

ከዚህ ጋር ሊነሣ የሚገባው የአካል ጉዳት ጉዳይ ነው። ለክትባት ቅስቀሳ ሲባል በምርኩዝ የሚሄድ ልጅ ሥዕል ለጥፈን «ካልተከተባችሁ እንዲህ ትሆናላችሁ» ስንል፣ ከፊታችን በምርኩዝ የመጣ ተማሪ መቀመጡን እንዘነጋለን። ለእርሱ የምንነግረው ምንድን ነው? «አንተ የጥፋት ምሳሌ ነህ» ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ስምምነቱ በወረቀት መጽደቁ ብቻ በክፍል ውስጥ የምንጠቀምበትን ቃል አልለወጠውም። ክትባትን በሚከላከለው በሽታ ማስተማር ይቻላል፤ በጎረቤት ልጅ አካል ማስፈራራት አያስፈልግም። ደግሞም ምርኩዙ ምን እንደሚረዳው፣ ጓደኞቹ እንዴት አብረውት ሊጫወቱ እንደሚችሉ የሚያስረዳ ትምህርት ለሁሉም ልጅ ይጠቅማል።

ምን ይደረግ?

«ጊዜ የለንም» የሚለው መልስ በከፊል እውነት ነው። የሕሙማን ብዛትና የባለሙያው ቁጥር እንደማይመጣጠን የታወቀ ነው። ሆኖም የሚጠየቀው አዲስ ፓኬጅ ሳይሆን የአነጋገር ለውጥ ነው። በመጀመሪያ፣ ልጁ ካርዱን ይዞ ሲገባ ከአባቱ አስቀድሞ ስሙን መጥራትና እርሱን መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ምርመራው ሲያበቃ የሕመሙን ስምና የመድኃኒቱን ሥራ በሦስት ዓረፍተ ነገር ለእርሱ መንገር፣ ከዚያም «አሁን አንተ ንገረኝ» ማለት ይገባል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሕመምን ብዙውን ጊዜ እንደ ቅጣት ስለሚቆጥር «አጥፍተህ አይደለም» የሚለውን ቃል ሳያሰሙ ማሰናበት አይገባም። ሦስተኛ፣ ወላጆች በመርፌ ሲያስፈራሩ ስንሰማ በአክብሮት ማረም አለብን። ቤተሰቡ ልጁን ጠበል የሚወስደው ከሆነም ከእምነቱ ጋር ሙግት ሳንገጥም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ልጁንም ወላጁንም ማግባባት ይበጃል። አራተኛ፣ የትምህርት ቤት ክበባትና ሚኒ ሚዲያዎች መፈክር ከማሰማት አልፈው የልጆችን ጥያቄ በጽሑፍ ተቀብለው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሚያስመልሱ ቢሆኑ ወጪው ከአንድ ሣጥን አይበልጥም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ብሂል ሕሙማንን ለመምከር እንጠቅሰዋለን። በልጆች ሕክምና ግን በሽታውን የሚደብቀው ታማሚው አይደለም፤ ወላጅና ሐኪም ተስማምተው ከባለቤቱ ይደብቁታል። ይህ ልማድ ካልተለወጠ የምንሰጠው መርፌና ክኒን የሚደርሰው ወላጅ ልጁን በእጁ ይዞ ማምጣት እስከቻለበት ዕድሜ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሕክምናውን የሚቀጥለው ወይም የሚያቋርጠው ራሱ ልጁ ነው።